ንጉሡም ላሊበላ፣ ደጅ የቆመውም ላሊበላ

ልጅ ሳለሁ ገና ጎሕ ሳይቀድ የሚቀሰቅሰን የዶሮ ጩኸት አልነበረም። ከአጥሩ ውጭ አንድ ሰው በጎርናና ድምፅ የአባቴን ስም እየጠራ ያዜማል፤ አንዲት ሴት ከሥር ከሥሩ፣ ቃል በሌለው ረጅም ዜማ፣ ትቀበለዋለች። ሰውየው አያቴን በስማቸው ያነሣል፤ የታላቅ እኅቴን ሠርግ ያወሳል፤ በረታችን እንዲሞላ ይመኛል። ሴትዮዋ ግን ያንኑ አንድ ዜማ ትንፋሽ ሳትወስድ ትስበዋለች። እናቴ ኩራዝ ሳትለኩስ በዳበሳ ተነሥታ፣ ከሌማቱ እንጀራ አጥፋ፣ በሩን ገርበብ ታደርጋለች። «ላሊበሎች ናቸው፤ ተኙ» ትለናለች። ዜማው ይቆማል፤ ምርቃቱ ይከተላል፤ ከዚያ እግራቸው ወደ ጎረቤት ያመራል፤ እዚያም የሌላ ልጅ አባት ስም ይነሣል።

ስማችንን ከየት እንዳወቁት ይገርመኝ ነበር። ኋላ ነው የተረዳሁት። ዋዜማውን ከመንደርተኛው ጠይቀው፣ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደተዳረ፣ ማን እንዳረፈ አጣርተው ያድራሉ።

ትምህርት ቤት ስገባ መምህራችን ስለ ንጉሥ ላሊበላ አስተማረን። ዓለት ፈልፍሎ 11 አብያተ ክርስቲያናት አነጸ ሲለን ለክፍሉ ልጆች ዘውድና ካባ ታያቸው መሰለኝ። ለእኔ ግን የታየኝ ያ አጥራችን ሥር በጨለማ ቆሞ የሚያዜመው ሰው ነበር። ንጉሡ ስሙን ለምን ለለማኝ ዘፋኝ ሰጠ የሚለው ጥያቄ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልተወኝም። ጥያቄውን እየተከተልኩ የላስታን ነገሥታት ስሞችና የዜማችንን ቃላት ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው፣ ያልጠበቅሁት ነገር አገኘሁ። የቤተ መንግሥቱ ቃልና የዜማው ቃል በብዙ ቦታ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው።

ከስሙ ልጀምር። ገድሉ ላሊበላን ከንብ ጋር ያያይዘዋል። ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ሠራዊት ከበቡት፤ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን ዐወቁ ስትል ስሙን አወጣችለት። ላስታ ውስጥ ሌላም ፍች ይነገራል፤ በአገውኛ «ላል» ማር ነው፣ ስለዚህ ስሙ «ላል ይበላል»፣ ማር ይበላል ማለት ነው ይላሉ። ሁለተኛው ፍች ለአማርኛ ጆሮ ይጣፍጣል፤ እኔ ግን ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። «ይበላል» የታወቀ አማርኛ ነው። ስሙን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በአገውኛ፣ ግማሹን በአማርኛ የሚፈታ ሰው ስሙ ከወጣ በኋላ የመጣ፣ ትርጉሙ የጠፋበትንና የሚወደውን ስም በገዛ ቋንቋው ለመጠጋት የሚሞክር ይመስለኛል። የገድሉ ፍች ግን ነገሩን ሁሉ ለንቦቹ ይሰጣል። ያወቁት እነሱ ናቸው፤ የመሰከሩትም እነሱ ናቸው። ሕፃኑ ገና አፍ ሳይፈታ፣ በዙሪያው ድምፅ የሚያሰማ ጭፍራ ስላለ ብቻ ንጉሥነቱ ታወቀ። በአገራችን ንጉሥ ያለ ድምፅ አጀብ ሲወጣ ማን አይቶ ያውቃል?

ላሊበላ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠ የዛጔ ንጉሥ ነው። ዛጔ የሚለውንም ብዙዎች «ዘአገው»፣ የአገው የሆነ፣ ብለው ይፈቱታል። ከተማው ሮሃ ነበረች፤ ኋላ የንጉሡ ስም በከተማዋ ላይ አረፈና ላሊበላ ተባለች። ከዚያም ስሙ ከከተማ አልፎ የሙያ ስም ሆነ። «ላሊበላ መጣ» ሲባል ማንም ንጉሡን አያስብም፤ ብዙ ሲሆኑ ላሊበሎች ይባላሉ፤ ሐሚና የሚላቸውም አለ። ማለዳ ዞረው ካላዜሙ የሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ያምናሉ እየተባለ ሲወራ ኖሯል። ደዌው በተሕዋስ የሚመጣና በመድኃኒት የሚድን መሆኑ ከታወቀ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፣ ወሬው ስንቱን ሰው ከጎረቤት ማኅበር አርቆ እንዳኖረው ሳስብ ያሳዝነኛል። የሙዚቃ ተመራማሪዋ ኬይ ካውፍማን ሸለሜይ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ ላሊበሎች ዜማ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አሳትማለች፤ ከእኛ ይልቅ ባዕድ ጆሮ ቀድሞ ማዳመጡ ይቆጨኛል። ላሊበላው የሚያደርገውን ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ አዝማሪ ለመኳንንት የሚያደርገውን እሱ ለድኃው ቤት ያደርግለታል። ስም ሰብስቦ፣ ዘር ቆጥሮ፣ አወድሶ፣ መርቆ ይሄዳል። አባቴ ነጋሪት የሚጎሰምለት ሰው አልነበረም፤ በዚያች የጨለማ ሰዓት ግን እሱም እንደ ባለ ወግ ተወደሰ።

አዝማሪ ካልን ሥሩ ዘመረ ነው። ይህን ሥር ዘመዶቻችን የሆኑት ሴማዊ ቋንቋዎች ይጋሩታል። ዕብራይስጥ መዝሙርን ሚዝሞር ይለዋል፤ ዐረብኛ የሚነፋውን መሣሪያ ሚዝማር ይለዋል፤ ከሁሉ የቀደመው አካድኛም መዝፈንን ዘማሩ ይለው ነበር። በእኛ አገር ከዚህ አንድ ሥር ሦስት ሰው ወጣ። መዘምር በቅኔ ማሕሌት ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ የሚቆመው ነው። ዘማሪ የዛሬው መዝሙር አውጪ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን አንግቶ ከግብር ቤት የሚገባው ነው። ሰበረ ብሎ ሰባሪ እንደሚል፣ ዘመረ ብሎ ዘማሪ ይላል፤ አደረገ ብሎ አድራጊ እንደሚል፣ አዘመረ ብሎ አዝማሪ ይላል። በዘማሪና በአዝማሪ መካከል ያለችው አንዲት «አ» ናት። አዝማሪ የሚለው ስም እንደ ስድብ ሲወረወር በሰማሁ ቁጥር ይህች ፊደል ትታየኛለች። ቃሉ ንቀት አልተሸከመም፤ ንቀቱን ያሸከምነው እኛ ነን።

ዘፈንም እንደዚሁ ነው። በግእዝ ዘፈነ ማለት በእግር፣ በወገብ፣ በትከሻ መጫወት ነበር፤ የሄሮድያዳ ልጅ በሄሮድስ ፊት ያደረገችው ያንን ነው፤ ዳዊት በታቦቱ ፊት ያደረገውም ያንኑ ነው። በአማርኛ ቃሉ ከእግር ወደ አፍ ወጣ። ላስታና ዋግ ውስጥ እስክስታ ሲወርድ ያየ ሰው ግን ግእዙ እውነት እንደነበረው ያውቃል። እዚያ አፍ ዝም ቢል እንኳ ትከሻ ይዘፍናል።

አዝማሪ የሚገባበትን ቤት ግብር ቤት አልኩ። ግብር የሚለው ቃል ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። በግእዝ ገብረ ማለት አደረገ፣ ሠራ ነው። ከዚህ ገበሬ ወጣ፤ ገባር ወጣ፤ ገብር፣ ማለት አገልጋይ፣ ወጣ። የንጉሥ ላሊበላ የዙፋን ስም ገብረ መስቀል ነው፤ የመስቀል አገልጋይ። ከዚሁ ሥር የወጣው ግብር ሁለት ፊት አለው። ገበሬው ለጌታው የሚያገባው ግብር ነው፤ ጌታው በአዳራሹ የሚያበላውም ግብር ነው። ሲገባም ሲወጣም ስሙ አይለወጥም። በላስታ ተራሮች ቀፎ ሰቅሎ የሚኖረው ሰው ማሩን ግብር ብሎ ያገባል፤ ማሩ ተጥሎ ጠጅ ይሆናል፤ ጠጁ በግብር ላይ በብርሌ ይቀዳል፤ አዝማሪው ያን ጠጅ ቀምሶ ስለ ጌታው ደግነት ያዜማል። የማሩ መንገድ ከቀፎ እስከ ዜማ ድረስ በአንድ ቃል ሥር ያልፋል። አዝማሪው ሲያወድስ ልብስ ይሸለማል፤ ሲቀናው በቅሎ ይሸለማል፤ ሲነካካ ደግሞ በሰምና ወርቅ ነው የሚነካካው፤ ጌታው ሰሙን ሰምቶ እየሳቀ፣ ወርቁ ደጅ ከቆመው አሽከር ጆሮ ይደርሳል። ይህን ኃይሉን ጠላትም አውቆታል። እ.ኤ.አ. በ1937 በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ የፋሺስት አስተዳደር ዘዋሪ ዘፋኞችንና ጠንቋዮችን እንዲያጠፉ አዝዞ ነበር። ማሲንቆ ይዞ የሚዞር ሰው እንደ ጦረኛ የተፈራበት ዘመን ነው።

ከአዳራሹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ልሻገር፤ በዛጔዎች ዘንድ ሁለቱ ብዙ አይራራቁም ነበር። ከላሊበላ በፊት የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ ነው፤ በዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት ንብርብር ያነጸው ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሟል። ስሙ «ክርስቶስ ይምራን» ማለት ነው። ሥሩ መርሐ ነው፤ አማርኛ ሲሆን መራ። መሪጌታ የምንለውም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ማሕሌቱን የሚመራው ጌታ። ከመሪጌታው በቀኝ የሚቆመው ቀኝ ጌታ፣ በግራ የሚቆመው ግራ ጌታ ይባላል። ይህን አሰላለፍ የሰማ ሰው ወዲያው ጦር ሜዳ ይታየዋል፤ ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች። ደብተራ የሚለው ራሱ የድንኳን ስም ነው። ቃሉ ከግሪክ መጥቶ፣ እዚያ ቆዳ ማለት የነበረው እዚህ ድንኳን ሆነ። ካህናተ ደብተራ የሚባሉት ከንጉሡ ጋር በሰፈር የሚጓዘው የድንኳን ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ነበሩ። ንጉሡ ሲዘምት ዜማውም ይዘምታል፤ ድንኳኑ ሲተከል ማሕሌቱም ይተከላል። ድንኳኑ ከጠፋ ብዙ ዘመን ቢሆንም ስሙ በሰዎቹ ላይ ቀርቷል።

እዚህ ላይ እጅግ የምወደው ቃል አለ፤ አዝማች። በዘፈን ውስጥ ተመልሶ ተመልሶ የሚመጣውን፣ ሁሉም በአንድ አፍ የሚለውን ስንኝ አዝማች እንለዋለን። ቃሉ ከዘመተ የመጣ ነው፤ አዝማች ማለት የሚያዘምት፣ ጦር የሚመራ። ደጃዝማች ውስጥ ያለው አዝማችና በዘፈን መካከል ያለው አዝማች አንድ ናቸው። ተቀባዮቹ እንደ ጭፍራ ከኋላው ይሰለፋሉ፤ ግጥሙ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ወደ አዝማቹ ይመለሳል፤ እሱ እንደገና ያዘምታቸዋል። ይህን ስም ያወጣለት ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ እጁን እስመው ነበር።

ከላሊበላ ቀጥሎ ስሙ የሚነሣው ነአኩቶ ለአብ ነው። ስሙ በግእዝ «አብን እናመስግን» ማለት ነው፤ አንድ ሙሉ ዝማሬ ለሰው ስም ሆኖ ወጣለት። ከዚሁ ሥር አኰቴት ይወጣል፤ ምስጋና፤ የቅዳሴያችን ዋና ክፍል አኰቴተ ቁርባን የሚባለው ከዚህ ነው። በእሱ ስም የተጠራው ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ ከተማ ብዙም ሳይርቅ በገደል ሥር ዋሻ ውስጥ ነው። ከዋሻው ጣሪያ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ዘመን ብዛት ጎድጎድ ባደረጋቸው የድንጋይ ገበታዎች ላይ ያርፋል። ካህኑ ቆመው ሲያነቡ ጠብታው ከንባቡ ጋር ይገባል፤ አንዳንዴ ቃሉን ይቀድማል፤ አንዳንዴ ይከተላል። ስሙ ምስጋና የሆነ ንጉሥ ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ ሲኖረው ደስ ይለኛል።

ነአኩቶ ለአብ ከነጋሪት ታሪክ ጋርም ስሙ ተያይዟል። ነጋሪት የሚለው ቃል ከነገረ ነው፤ ነጋሪ ተናጋሪው፣ ነጋሪት ተናጋሪዋ። በመጨረሻ ያለችው «ት» ንግሥት ላይ ያለችው ናት፤ ነጋሪት ሴት ሆና የምትናገር ከበሮ ናት። ሌሎቹ መሣሪያዎች የየራሳቸው ግስ አላቸው፤ እምቢልታና መለከት ይነፋሉ፤ ከበሮ ይመታል፤ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ራሳቸው ይዘው የሚቀመጡት በገና ይደረደራል፤ ነጋሪት ግን ይጎሰማል። አዋጅ ሲነገር የምትቀድመው እሷ ናት፤ ለማን ስንት ነጋሪት ይጎሰምለታል የሚለው የሹመት ልክ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ዘውዱ በ1270 ከዛጔ ወደ ይኵኖ አምላክ ሲዞር ተደረገ የተባለውን ውል ይተርካል። እሱ እንደሚለው ነአኩቶ ለአብ ላስታን ከነዘሩ እንዲይዝ፣ በወርቅ ወንበር እንዲቀመጥ፣ የጠባቂዎቹ ጦር ጫፍ ከብር እንዲሆን፣ የንግሥና ምልክት እንዲሆንለትም ሁለት ነጋሪት እንዲቀሩለት ተስማሙ። የታሪክ ሊቃውንት ይህን ውል ኋላ የተቀናበረ ትውፊት ነው ይሉታል። ይሁን፤ ለእኔ ትውፊቱ ራሱ ይበቃኛል። ዘውድ ያጣ ቤት ምን ይቀርለት ተብሎ ሲታሰብ፣ የተነገረ ድምፅ ይቅርለት ተባለ። ላስታ ንጉሥ ባይኖራትም ነጋሪዋ አትዘጋም ማለት ነው። ያ ወግ ከዛጔ ዘር ነን በሚሉት የዋግ ገዥዎች፣ በዋግሹሞቹ፣ ቤት ኖሮ፣ ከ600 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡ እንደገና ሙሉ ድምፅ አገኘ፤ በ1871 ዐድዋ አጠገብ ድል እስከሆኑ ድረስ። ዛሬ ነጋሪት ከቆዳ ወደ ወረቀት ተዛውራለች። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ ፌደራል ነጋሪት ጋዜጣ ሲባል፣ ቃሉ የቀድሞ ሥራውን አልተወም፤ አሁንም ሕግ የሚነገረው በእሷ ነው።

ድምፅን ሰብስቦ ለማኖር የተደረገው ትልቁ ሥራም ከቤተ መንግሥት ማዕርግ ጋር የተያያዘ ነው። ስለ ዜማ ሲነሣ ሁሉም ቅዱስ ያሬድን ይጠራል፤ ንጉሥ ገብረ መስቀል ዜማውን እየሰማ ከመመሰጡ የተነሣ በትረ መንግሥቱ የያሬድን እግር ወግቶ ሁለቱም አልታወቃቸውም የሚለውን ትውፊት የማያውቅ የለም። የላስታው ላሊበላ ያንን የአክሱም ንጉሥ ስም የዙፋን ስሙ ማድረጉ ሁልጊዜ ያስደምመኛል። ከያሬድ ብዙ ዘመን በኋላ ግን፣ በግራኝ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው፣ መጻሕፍት ጠፍተው፣ ዜማውን በቃላቸው የያዙት መምህራን ሲያልቁ፣ አዲስ ጭንቀት መጣ። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ለዜማው ምልክት አወጡ ይላል ትውፊቱ፤ ስማቸው በወሎ ሳይንት ካለችው ተድባበ ማርያም ጋር ይነሣል። ስማቸውን ልብ በሉ። ሁለቱም አዛዥ ናቸው። አዛዥ የቤተ መንግሥቱን ውስጥ የሚያዝዝ፣ ጓዳውንና ግብሩን የሚቆጣጠር ሹም ነው። የንጉሡን ዕቃ ቆጥሮ የሚያኖር ማዕርግ የነበራቸው ሰዎች የእግዚአብሔርን ዜማ ቆጥረው አኖሩት።

ምልክቶቹም የቤት ውስጥ ቃላት ናቸው፤ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ይዘት፣ ቅናት። ደረት የተጻፈበት ላይ ሲደርሱ ድምፅን ወደ ደረት ማውረድ ነው፤ ርክርክ ከተጻፈ ድምፁ እንደ ደረጃ እየወረደ ይንከባለላል። ከነዚህ በተጨማሪ ከታወቁ የዜማ ክፍሎች የተቆረጡ ጥቃቅን ፊደላት ከመስመሩ በላይ ይጻፋሉ፤ የሚያውቅ ሲያይ ሙሉው ዜማ ይታሰበዋል። ከላስታ ተነሥቶ የድጓ፣ የያሬድ የዜማ መጽሐፍ፣ ማስመስከሪያ ከሆነችው ቤተልሔም ገብቶ ያስመሰከረ ተማሪ ጣቱን በዚያ ጥቃቅን ፊደል ላይ ሲያሳልፍ፣ ገላውዴዎስ ቤት የተሰበሰበውን ድምፅ በጣቱ እየነካ ነው።

ማሕሌት የሚለው ቃል የአጻጻፍ ነገር አለበት፤ ችላ ልለው አልችልም። በግእዝ ሐለየ በሐመሩ ሐ ሲጻፍ ዘመረ፣ አዜመ ነው፤ ማሕሌት ከዚህ ወጣ። ኀለየ በብዙኃኑ ኀ ሲጻፍ ዐሰበ ነው፤ ኅሊና ከዚህ ወጣ። በአማርኛ ሁለቱን ድምፅ ስላዋሐድናቸው፣ ፊደሉን ግድ ካላልን ማሰብና ማዜም አንድ ሆነው ይቀራሉ። ሊቃውንት ይህን ሲያዩ ይቆጣሉ፤ ትክክል ናቸው። ነገር ግን በታኅሣሥ 29 ጠዋት ቤተ ማርያም ግቢ ለቆመ ሰው ሁለቱን መለየት ይከብደዋል። ያ ቀን የጌታ ልደት ነው፤ የንጉሥ ላሊበላም ልደት እንደሆነ ይከበራል። ካህናቱ ማሜ ጋራ በሚሉት የዓለቱ ጫፍ ላይ ዙሪያውን ይቆማሉ፤ ሌሎቹ ታች፣ ከዓለቱ ሥር ባለው ግቢ ይሰለፋሉ። ላይ ያሉት የመላእክት፣ ታች ያሉት የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው። ቤዛ ኩሉ የተባለው ዝማሬ ከላይ ይጀመራል፤ ከታች ይመለሳል፤ ነጭ ጋቢና ነጠላ እንደ ማዕበል ወዲያ ወዲህ ይላል። የአንዱን ጸናጽል ከሌላው መለየት የማይቻልበት ጊዜ አለ። ዓለቱ ድምፁን ይይዘዋል፣ ያቆየዋል፣ ይመልሰዋል። ይህን ግቢ ያስቆፈረው ንጉሥ ስሙን ንቦች በከበቡት ጊዜ ማግኘቱን ያኔ አስባለሁ።

ኋላ ድምፅ የሚሰበሰብበት መሣሪያ ተለወጠ። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ ድምፃቸውን ቀድተው ልከዋል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ሄደው ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀዱ። ሸክላ! እናቶቻችን ድስትና እንስራ የሚሠሩበት አፈር፣ ጥቁር፣ ቢወድቅ የሚሰበር፤ ዘፈን ለያዘውም ጥቁርና ተሰባሪ ዲስክ ስሙ ተሰጠው። ዲስኩ የሚሠራበት ሙጫ በፈረንጅ አፍ ሼላክ መባሉ ስሙን ሳያግዝ አልቀረም ብዬ እገምታለሁ፤ ቢያግዝም ባያግዝም ሸክላ የሚለውን ቃል የመረጠው ጆሮ በእጅ የተሠራ ዕቃ የሚያከብር ጆሮ ነው።

ከሁሉ የቆየብኝ ግን ቅኝት ነው። በግእዝ ቀነየ ማለት ገዛ፣ አስገዛ፣ አገልጋይ አደረገ ነው። ከዚህ ቅኔ ወጣ፤ መገዛት፣ ማገልገል፣ ለእግዚአብሔር በዜማ መገዛት። ቅኝ ግዛት የምንለው ከዚሁ ነው። የመሣሪያው ክር በቃኚው ፈቃድ ሥር እስኪገባ ድረስ የሚደረገውም ይኸው ነው፤ ቅኝት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ብለን የምንጠራቸው አራቱ ቅኝቶች ናቸው፤ ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች መሆናቸው ለእኔ ለወሎዬው ኩራቴ ነው። ንጉሥ አገር ይቀኛል፤ አዝማሪ ክር ይቃኛል። ማሲንቆ ራሱ በግእዝ መሰንቆ ሲባል የዳዊት ዓይነት ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ ነበር፤ ስሙ ወርዶ ወርዶ በአንድ ክር የምትዘምረዋ ላይ አረፈ።

ባለፈው ጉዞዬ ላሊበላ ከተማ አንድ ጠጅ ቤት ገባሁ። ጊዜው ገና ነበር፤ ሰው አልሞላም። አዝማሪው ጥግ ላይ ማሲንቆውን በጉልበቱ መካከል አድርጎ ተቀምጧል። የሠንጋ ቆዳ የተወጠረባት ሣጥን በአራት ማዕዘኗ ቆማ፣ ከፈረስ ጭራ የተገመደው ክር በላይዋ ተዘርግቷል። ከኪሱ ቁራጭ ዕጣን አውጥቶ የመምቻውን ጭራ አንድ ሁለቴ አሸው፤ ነጭ ብናኝ ጉልበቱ ላይ አረፈ። መምቻውን ክሩ ላይ ሲያስኬደው መጀመሪያ እንደ ጉሮሮ የታመመ ሰው ሻከረ። ከላይ ያለውን ማጠንጠኛ ትንሽ አዞረው፤ ጆሮውን ወደ አንገቷ አስጠጋ፤ እንደገና ትንሽ። ክሩ ከማልቀስ ወደ መናገር እየተጠጋ ሄደ። ገዛው አልኩ በሆዴ።

ቀና ብሎ አየኝ። ጠጁን የቀዳችልኝ ልጅ ወደ እሱ ሄዳ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለችው። መምቻውን ክሩ ላይ አሳርፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ስምዎ ማን ልበል?» አለኝ። ነገርኩት። ማጠንጠኛውን አንድ ጊዜ ነካ አድርጎ ዐይኑን ሳያነሣ፦

«የአባትዎስ?»